ውል መቼ ነው መረጋገጥ ያለበት? ከአንድ የሆሳዕና ቤት ሽያጭ የተማርኩት

መግቢያ

በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ርዕስ በውል ሕግ ኮርስ ውስጥ ቶሎ ያለፍነው ነው፤ የውል ፎርም። ያን ጊዜ ቁጥሮቹን ለፈተና ብዬ በቃሌ ያዝኳቸው፣ ከፈተና በኋላም ረሳኋቸው። ቁጥሮቹ የእኛን ቤት ጉዳይ እንደሚናገሩ የገባኝ ለዕረፍት ወደ ቤት ሄጄ አባቴ በፌስታል ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠውን አንድ ወረቀት ሳነብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም በ1996 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ከሀዲያና ከከምባታ ወደዚያ ሰው የላከ ቤተሰብ ብዙ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜ፣ ከሺንሺቾ የወጣ ልጅ እዚያ ሱቅ ውስጥ ውሎ እያደረ ያጠራቀመውን ገንዘብ የሚያሳርፈው አገር ቤት፣ በቤትና በቦታ ላይ ነው። አጎቴም በ2003 ዓ.ም. ደውሎ «ሆሳዕና ላይ አንድ ቤት ፈልገህ ግዛልኝ» አለው። አባቴም «እሺ ጋሼ» አለ። 180 ሺህ ብር ተላከ።

አባቴ ጠያይቆ፣ ባል የሞተባቸው አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቤት ሊሸጡ መሆኑን ሰማ። በእሳቸው ግቢ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ቡና ተፈላ፣ አንድ ጽሑፍ የሚችል ሰው ውሉን ጻፈ። ሻጯ ማንበብ ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አሳረፉ። ሽማግሌዎቹ በምስክርነት ፈረሙ። በገዢው ቦታ የአጎቴ ስም ተጽፎ አባቴ «ስለ ወንድሜ» ብሎ ፈረመ። ገንዘቡም እዚያው ተቆጠረ። ከወረቀቱ ግርጌ «ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው» ይላል። በአገራችን የመንደር ውል ላይ ይህ አረፍተ ነገር የማይጠፋ መሆኑን አንባቢ ያውቃል።

ሻጯ በ2009 ዓ.ም. አረፉ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ልጆቻቸው መጥተው «ቤቱ የአባታችን ነው፣ እናታችን መሸጧን አናውቅም» አሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ውሉም በሕግ ፊት የማይጸና ሆነ። በኋላ በሽማግሌ ብርቱ ልመና 180 ሺህ ብሩ ተመለሰ። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ የቤቱ ዋጋ የት ደርሶ ነበር! ከሁሉ የከፋው ግን አጎቴ «አንተ ምን ስትሠራ ነበር?» ብሎ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከአባቴ ጋር አለመነጋገሩ ነው። ማንም ማንንም አላታለለም። ሻጯ ሐቀኛ ሰው ነበሩ፣ አባቴም አንድ ብር አልበላም። ታዲያ ጥፋቱ የት ላይ ነው? ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ማረጋገጥ ማለት ምን ማለት ነው?

በተለምዶ «ውልና ማስረጃ ሄድኩ» እንላለን። በፌዴራል ደረጃ ይህን ሥራ የሚገዛው በመጀመሪያ አዋጅ ቁጥር 334/1995 ነበር፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው እሱን የተካው የሰነዶች ማረጋገጥና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 ነው። የፌዴራሉ ተቋም የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፣ በክልሎች ሥልጣኑ በክልሉ ሕግ ለተሰየመው አካል ነው። አካባቢያችን እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡብ ክልል ሥር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ስለሆነ፣ ሰነድ ከማስጻፍ በፊት የትኛው ቢሮ እንደሚያረጋግጥ ጠይቆ መሄድ ይበጃል።

ብዙ ሰው ማረጋገጥን ማኅተም ማስመታት ብቻ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። በአሜሪካ «ኖተሪ» የሚባለው ሰው በአብዛኛው የፈራሚውን ማንነት አይቶ ፊርማውን የሚመሰክር ነው፤ ስለ ውሉ ይዘት አያገባውም። በፈረንሳይ ግን ኖተሪ ማለት ውሉን ራሱ የሚያረቅና ሕጋዊነቱን የሚያይ የሕግ ባለሙያ ነው። የእኛ የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ስለሆኑ፣ ሕጋችን ለፎርም የሚሰጠው ክብደት ወደ ሁለተኛው ያደላል።

በእኛ ሕግ ሰነድ አረጋጋጩ የሚያያቸው ነገሮች በአጭሩ እነዚህ ናቸው። ፈራሚው እኔ ነኝ ያለው ሰው መሆኑን በመታወቂያ ያያል። ለመዋዋል ችሎታ ያለው መሆኑን ያያል። በሌላ ሰው ስም የሚፈርም ከሆነ ሥልጣኑን ያያል። የባለቤትነት ማረጋገጫ ያለው ንብረት ከሆነ ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ንብረቱ በዕዳ የተያዘ ወይም የታገደ መሆን አለመሆኑን ያጣራል። ሰነዱ ከሕግና ከሞራል ጋር የሚቃረን ከሆነ አላረጋግጥም ይላል። በዚህ ሁሉ ያለፈ ሰነድ በፍርድ ቤት ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ሊስተባበል አይችልም።

የግድ መረጋገጥ ያለባቸው ሰነዶች

መነሻው የሚያስገርም ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1719 መሠረት ውል በመርሕ ደረጃ የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፤ በቃልም ይጸናል። ማረጋገጥ ልዩ ሁኔታ ነው፣ ዝርዝሩም አጭር ነው። አጭር መሆኑ ግን ሊያዘናጋን አይገባም፤ ምክንያቱም የእኛ ሰው ሀብት ያለው እዚያ አጭር ዝርዝር ውስጥ ነው።

አንደኛ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል። ቁጥር 1723 በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የባለቤትነት፣ የአላባ ጥቅም፣ የአገልግሎት ወይም የመያዣ መብት የሚያቋቁም ወይም የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ወንድማማቾች የአባታቸውን ቤት የሚከፋፈሉበት ውልም፣ በቤት ላይ የተነሳ ክርክርን በስምምነት የሚጨርሱበት ውልም በዚሁ ይካተታል። አንድ ማሻሻያ አለ፦ በአዋጅ ቁጥር 639/2001 መሠረት ለባንክ ወይም ለአነስተኛ የገንዘብ ተቋም ብድር የሚሰጥ የቤት መያዣ ውል በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ መመዝገብ የግድ አይደለም። ለጎረቤት ብድር ቤትን ማስያዝ ግን በድሮው ደንብ እንዳለ ነው።

ሁለተኛ፣ ውክልና መስጠትና ውክልናን መሻር። በአዋጁ መሠረት ሁለቱም መረጋገጥና መመዝገብ አለባቸው። ሰጪው «ተወው፣ ሽሬሃለሁ» ብሎ በስልክ ቢናገር፣ በመዝገብ ላይ ያለው ውክልና ለሦስተኛ ወገን እንዳለ ነው የሚታየው።

ሦስተኛ፣ የንግድ ማኅበራትና የሌሎች ማኅበራት የመመሥረቻ ጽሑፍና የመተዳደሪያ ደንብ፣ ማሻሻያውም ጭምር።

አራተኛ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል፤ ይህ በቁጥር 1724 ተደንግጓል።

አምስተኛ፣ ማንበብ የማይችል ወይም ማየት የተሳነው ሰው ፊርማ። ቁጥር 1728 እንዲህ ያለ ሰው በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም ሥራውን በሚያከናውን ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር በፊርማው ወይም በጣት አሻራው አይገደድም ይላል። እኔ ይህን ቁጥር ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። በሀዲይሳ ወይም በከምባትኛ ብቻ የሚናገሩ እናት በአማርኛ በተጻፈ ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን ሲያሳርፉ ምን ላይ እንደፈረሙ በምን ያውቃሉ? የዳኛው ወይም የአዋዋዩ መኖር ወረቀቱ ተነቦ፣ በሚገባቸው ቋንቋ ተነግሮ መፈረሙን ለማየት ነው።

ፎርሙ ሳይጠበቅ ቢቀርስ? ቁጥር 1720 መልሱን ይሰጣል፤ በሕግ የታዘዘው ፎርም ካልተፈጸመ ውል የለም፣ ያለው ረቂቅ ብቻ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 በ1999 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና ወስኗል። የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን እንደሚያስገድድ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ተደንግጎ ነበር፤ አሁንም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ጸንቶ ይገኛል። በኋላ በመጡ ውሳኔዎች ችሎቱ ውሉን መፈጸሙን አምኖ የተከራከረ ወገን «አልተመዘገበም» በማለት ብቻ ሊያመልጥ እንደማይገባ ማሳየቱን በክፍል ተምረናል። ነገር ግን ይህ በሰው ሐቀኝነት ላይ የተንጠለጠለ መብት ነው። ሐቀኛው ሲሞት መብቱም አብሮ ይቀበራል።

መጻፍ ብቻ የሚበቃቸው

አንዳንዱ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ሁሉን ነገር ይዞ ውልና ማስረጃ ይሮጣል። ይህም ልክ አይደለም፤ ገንዘብና ጊዜ ይበላል። የዋስትናና የመድን ውሎች በቁጥር 1725 መሠረት በጽሑፍ መሆን አለባቸው እንጂ መመዝገብ የላቸውም። የጽሑፍ ውል ሲባል በቁጥር 1727 መሠረት ተዋዋዮቹ የፈረሙበትና ሁለት ምስክሮች ያረጋገጡት ነው። ዋስ የሚሆን ሰው በተለይ ሊያውቀው የሚገባው የቁጥር 1922 ትእዛዝ ነው፤ ዋስ የሆነበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰ ዋስትናው ዋጋ የለውም።

ብድርም እንደዚሁ ነው። ከ500 ብር በላይ ለሆነ ብድር ማስረጃ ሊሆን የሚችለው ቁጥር 2472 እንደሚለው ጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት የተሰጠ እምነት ወይም መሐላ ነው። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ለጓደኛችን የምናበድረው የአንድ ሰሞን ወጪ ሁሉ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ማስመዝገብ አያስፈልግም፣ መጻፍ ግን ያስፈልጋል።

ኑዛዜም የግድ ውልና ማስረጃ አይሄድም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ (ቁጥር 881 እና 882)። ተናዛዡ ሙሉውን በገዛ እጁ የጻፈው ኑዛዜ ደግሞ በቁጥር 884 መሠረት ያለ ምስክር ይጸናል።

ቤት የምንከራይ ተማሪዎች ደግሞ አዲሱን ሕግ ልብ ልንል ይገባል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚፈጸምባቸው ከተሞች የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲረጋገጥና እንዲመዘገብ ያዛል። በክልል ከተሞች የሚፈጸመው ክልሉ በሚወስንባቸው ነው።

ማኅተም የማያድነው ውል

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማንሳት እፈልጋለሁ። በከተሞቻችን ዳር ያለውን የገበሬ መሬት ቆርሶ መሸጥና መግዛት የተለመደ ሆኗል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ይህን ስለሚያውቁ ተዋዋዮቹ ወረቀቱን «የብድር ውል» ወይም «የስጦታ ውል» ብለው ያስጽፋሉ። ከዚያም «የተረጋገጠ ወረቀት አለኝ» ብለው ይተኛሉ። ነገር ግን ማረጋገጥ ሕገወጥ ውልን ሕጋዊ አያደርግም። ብድር ተብሎ የተረጋገጠ ወረቀት ቢበዛ የሚያስረዳው ብድር ነው፤ መሬቱን አያስገኝም። የገጠር መሬት ኪራይ ቢሆን እንኳ የቤተሰቡ አባላት ስምምነትና በመሬት አስተዳደሩ መመዝገብ ያስፈልገዋል።

የትዳር ጉዳይም አለ። በቤተሰብ ሕጋችን የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። ሰነድ አረጋጋጩ «የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ አምጣ» የሚለው ሊያንገላታን አይደለም፤ ነገ ሚስት መጥታ «እኔ ሳላውቅ» እንዳትል ነው።

ከውጭ አገር የሚላክ ውክልና

አጎቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ነገሩ አሳስቦት አንድ ወረቀት ልኮ ነበር። በደቡብ አፍሪካ ፖሊስ ጣቢያ ማኅተም የተመታበት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቃለ መሐላ ነው። እዚያ አገር ፖሊስ ቃለ መሐላ መቀበል ስለሚችል፣ ብዙ የእኛ ልጆች በቂ ይመስላቸዋል። ለዚያ አገር ጉዳይ ይበቃ ይሆናል፤ ለሆሳዕና ቤት ግን አይበቃም።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ወካዩ ፕሪቶሪያ በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ቀርቦ ውክልናውን በቆንስላ ሹም ፊት ይፈርማል። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ከዚያም በሰነድ አረጋጋጩ ዘንድ ይመዘገባል። ከጆሃንስበርግ ፕሪቶሪያ ሩቅ አይደለም፤ ከሩቅ ክፍለ ሀገር ሱቅ ዘግቶ መሄድ ግን ለአንድ ልጅ የቀን ገቢ ማጣት መሆኑ ይገባኛል። ቢሆንም ከዕድሜ ልክ ጥሪት ጋር አይወዳደርም።

የውክልናው ይዘትም ይታይ። ቁጥር 2200 ለዋናው ውል ፎርም ከታዘዘ ውክልናውም በዚያው ፎርም እንዲሆን ይጠይቃል። ቁጥር 2205 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለማድረግና በፍርድ ቤት ለመከራከር ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። «በማናቸውም ጉዳይ ወክዬዋለሁ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። በመጨረሻም ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልና በወካዩ ሞት ያበቃል፤ ይህም በቁጥር 2232 ተደንግጓል። ወንድሙ በሞተ ማግስት በውክልናው የሚሸጥ ሰው በሌለው ሥልጣን ነው የሚሸጠው።

ወደ አባቴ ፌስታል ስመለስ

አሁን ያንን ወረቀት እንደገና እንየው። በአንድ ገጽ ላይ አራት ጉድለቶች አሉ። ቤት ሽያጭ ሆኖ ሳለ አልተመዘገበም። አባቴ የተረጋገጠ ውክልና ሳይኖረው በወንድሙ ስም ፈርሟል። የሻጯ የጣት አሻራ በአዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት አልተረጋገጠም። አራተኛው ደግሞ የባሰው ነው፤ የቤቱ ካርታ በሟች ባለቤታቸው ስም ነበር። የወራሽነት ማስረጃ አልወጣም፣ ስምም አልዞረም። ልጆቹ ድርሻ ነበራቸው ማለት ነው።

እነዚያ ሦስት ሽማግሌዎች የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ገንዘቡ የተመለሰውም በእነሱ ነው። ገንዘብ ሲቆጠር ማየታቸውን ይመሰክራሉ። ካርታው በማን ስም እንደሆነ ግን አልጠየቁም፤ የእነሱም ሥራ አይደለም። ውልና ማስረጃ ቢኬድ ኖሮ ገና ከመስኮቱ «ካርታው በሌላ ሰው ስም ነው፣ መጀመሪያ ወራሽነት ይውጣ» ተብሎ ይመለሱ ነበር። አባቴም ተናዶ ይመለስ ነበር። ያ አንድ ቀን መናደድ የስንት ዓመት ኩርፊያ ያስቀር ነበር!

አባቴን «ለምን አልሄዳችሁም?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ሴትዮዋን እንዴት አላምንሽም ልበላት? ደግሞ ቴምብሩ፣ ምልልሱ ብዙ ነው አሉ» አለኝ። ሁለቱም ምክንያቶች የብዙ ሰው ምክንያቶች ናቸው። በእኛ ባህል ወደ ቢሮ እንሂድ ማለት ሰውን እንደመጠርጠር ይቆጠራል። ለዚህ የምመልሰው አንድ ነገር ነው፤ ሰነድ የሚረጋገጠው ዛሬ ከፊታችን ላለው ሰው ሳይሆን፣ እሱ ካለፈ በኋላ ለሚመጡት ወራሾቹ ነው። ሻጯን ማመን ተገቢ ነበር። ልጆቻቸውን ግን ማንም አላነጋገረም።

ያ «በቁጥር 1731 መሠረት የጸና ነው» የሚለው አረፍተ ነገርም ይገርመኛል። ቁጥር 1731 የሚያጸናው በሕግ አግባብ የተመሠረተን ውል ነው። ጸሐፊው ስምንት ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሶ 1723ን ቢያነብ ኖሮ ወረቀቱን አይጽፈውም ነበር።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ ሁሉም ሰነድ መረጋገጥ የለበትም። ብድር ይጻፍ፣ ዋስትና መጠኑ ተጠቅሶ ይጻፍ፣ ምስክር ይፈርም፤ ይበቃል። ቤት፣ የቤት ክፍፍል፣ ውክልናና ሽረቱ፣ የማኅበር መመሥረቻ፣ የመንግሥት ውል፣ እንዲሁም ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ ግን ያለ ማረጋገጥ ረቂቅ ወይም ባዶ ወረቀት ነው። ገንዘብ ከመቆጠሩ በፊት ካርታው በማን ስም ነው ብሎ መጠየቅ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል።

እኛ የሕግ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ሰፈራችን ስንሄድ «አንተ ሕግ ትማር የለም? ና ይህን ውል ጻፍልን» መባላችን አይቀርም። ያን ጊዜ ብዕር ከማንሳታችን በፊት ጉዳዩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ እንለይ። ቤት ከሆነ «እኔ አልጽፍም፣ አብሬያችሁ ውልና ማስረጃ እሄዳለሁ» ብሎ መመለስ ከመጻፍ የበለጠ እርዳታ ነው።

አጎቴ ዘንድሮ ደወለ። እኔን ነው ያናገረኝ። ፕሪቶሪያ ድረስ ሄዶ ለአባቴ ልዩ ውክልና መፈረሙን ነገረኝና «ይህኛው ልክ ነው ወይ?» አለኝ። ፎቶውን ልኮልኝ አየሁት፤ ከቆንስላው ማኅተም በታች የአባቴ ስም በትክክል ተጽፏል። «ልክ ነው ጋሼ» አልኩት፤ ስልኩንም ለአባቴ ሰጠሁት።